ሌባ ሻይና ሸርሎክ ሆምስ

የልጅነታችን የመርማሪ መጻሕፍት ሽፋናቸው የተላጠ፣ አንዳንዴም የመጨረሻ ገጻቸው የጎደለ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳያውቅ የቀረ ልጅ መፍትሔውን ከጓደኛው አፍ ይሰማል። የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ልብ ወለዶችና ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ ታሪኮች እንዲህ ነው ያነበብናቸው።

በዚህ እትም የተመለስንባቸው ትዝታቸው ስለጣፈጠን ብቻ አይደለም። ሀገራችን ከመጽሐፉ በፊትም የራሷ ምርመራ ነበራት፦ አገሬው ተሰብስቦ የሚጠያየቅበት አውጫጭኝ፣ መድኃኒት የጠጣ ልጅ የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ የሚያሰኘው ሌባ ሻይ። ሌባ ሻይ ሲጠቁም ምክንያቱን የሚጠይቀው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1887 በአርተር ኮናን ዶይል ብዕር የተወለደው ሸርሎክ ሆምስ ግን የጫማ ጭቃ አይቶ፣ ያየውን አስረድቶ ነው የሚፈርደው። ልጅ ይህን ይወድዳል፤ መርማሪው ያየውን እሱም ማየት ይችላልና። እኛም ጣና ዳር ወርደን ታንኳ እንመረምር ነበር። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ፣ የከበደና የረጠበ ታንኳ ጠዋት ሐይቁ ላይ እንደዋለ ይናገራል።

ደራሲው ሆምስን እ.ኤ.አ. በ1893 ቢገድለውም አንባቢ አልለቀቀውም፤ ከዓመታት በኋላ መልሶ አስነሣው። የምናውቀው ሰው ተመልሶ ሲመጣ የሚሰማንን ደስታ የሚተካ ነገር አላገኘሁም።

በቀጣዮቹ ገጾች የአንባቢዎቻችንን ትዝታና በዘጌ የቡና ጥላ ሥር የሚጀምር አዲስ የወንጀል ታሪክ ታነባላችሁ። መፍትሔውን ለሚቀጥለው እትም አቆይተነዋል፤ ግምታችሁን ከነማስረጃው ጻፉልን።