ባለ አህያውና አዲሱ ሕክምና

ተማሪዎች ሳለን፣ አንድ ቅዳሜ መርካቶ በእህል በረንዳ በኩል ስናልፍ ጤፍ የተጫነች አህያ አየን። ደረቷ ላይ ቡጢ የሚያክል ዕጢ በቅሎባት መጫኛው እየፈተገው ይደማ ነበር። «አባባ፣ ምን ሆና ነው?» ብለን ባለቤቱን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ኪንታሮት ነው፤ ሁለት ጊዜ አስቆርጬው መልሶ በቀለ» አሉን።

ኋላ ከእንስሳት ሐኪም እንደተረዳነው አባባ ከእውነቱ ብዙ አልራቁም። ሳርኮይድ የሚባለው ይህን የመሰለ ዕጢ በፈረስ፣ በበቅሎና በአህያ ቆዳ ላይ ከሚወጡት ዕጢዎች ሁሉ የበዛው ነው። የሚያመጣውም በከብት ላይ ኪንታሮት የሚያወጣው ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ነው። ወደ ውስጥ አካል ባይዛመትም፣ ሲቆርጡት ብዙ ጊዜ መልሶ ያቆጠቁጣል።

በሌላው ዓለም ግን የእንስሳት ካንሰር ሕክምና ከቢላዋ አልፏል። በአሜሪካ በ2002 ዓ.ም. ሙሉ ፈቃድ ያገኘው፣ ሜላኖማ ለተባለው የውሾች የአፍ ካንሰር የሚሰጠው ክትባት የተሠራው ከሰው ዘረመል ነው። የውሻው ሰውነት ከዚህ ዘረመል የሚገኘውን እንግዳ ነገር ሲዋጋ፣ እርሱን የሚመስለውን ካንሰርም አብሮ እንዲዋጋ ታስቦ ነው። ስለ ጥቅሙ መጠን ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። በግራጫ ፈረሶች ላይ በተደረገ ሙከራም ዕጢው ውስጥ የተወጋ ዘረመል ዕጢውን ሲያሳንሰው ታይቷል።

ይህን ስንናገር «ለአህያ ማር አይጥማትም» የሚሉን አይጠፉም። ነገር ግን ባለጸጋው ውሻው ቢሞትበት ያዝናል፤ ባለ አህያው ግን አህያው ብትወድቅ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ። ኢትዮጵያም በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት።

ደግሞስ ከሩቅ የመጣ ዕውቀት የድሃውን እንስሳ ሲያድን የመጀመሪያው አይደለም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በክፉ ቀን፣ በሬዎቻችንን የፈጀው የደስታ በሽታ በክትባት ኃይል ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። ቢሾፍቱም የእንስሳት ክትባት ማምረትን ከጀመረች ብዙ ዘመን ሆኗታል።

እንግዲህ ወጣቱን ሐኪምና ወጣቱን ሹም የምንለምነው፣ ገና በሙከራ ላይ ያለውን መድኃኒት ነገ አምጡ ብለን አይደለም። በመጀመሪያ ዕጢው ይታይ፣ ይመርመር፣ ይመዝገብ። ያልተመዘገበ በሽታ በጀት አያገኝም፤ መድኃኒትም ፈልጎት አይመጣም። ጀርባዋን ለእንጀራችን ለሰጠች አህያ ከዕውቀታችን ጥቂቱን ብንሰጣት፣ ብድር መመለስ እንጂ ቸርነት አይባልም።