ዘጠኝ ሳንቲሜትር የሚያህል ታንክ

ባለፈው ቅዳሜ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ የጤፍ ዱቄትና በርበሬ ገዝተን ስንመለስ፣ የእህቴ ልጅ ከቦርሳው አንድ ካርቶን አወጣ። ውስጡ ተገጣጣሚ የታንክ ሞዴል አለ። የሰጠው የክፍል ጓደኛው ነው። የጓደኛው አያት ሃንጋሪያዊ ናቸው፤ ካርቶኑም ላይ የሃንጋሪ ጦር ምልክት አለ።

«አጎቴ፣ አብረን እንሥራው?» አለኝ።

ሥዕሉን ሳይ ደነገጥኩ። ታንኩን አውቀዋለሁ። የተሠራው እዚሁ ጣሊያን፣ በፊያትና በአንሳልዶ ነው። ሃንጋሪ 150 ያህል ገዝታ ነበር። የጣሊያን ጦር ደግሞ በዚሁ ታንክ ኢትዮጵያን ወረረ።

«ታዲያ የጠላት ታንክ ልሠራ ነው?» ብሎ ካርቶኑን ገፋው።

አስቀምጬ ነገርኩት። ታንኩ ትንሽ ነው፤ ሦስት ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል። ሞዴሉ ደግሞ 35 ጊዜ ስላነሰ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ነው። መትረየሶቹ የሚተኩሱት ወደ ፊት ነው፤ ወደ ኋላ አይዞሩም። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ስለሆንኩ ሥራዬ ደካማ ጎን መፈለግ ነው። የራስ እምሩ ወታደሮችም ይህንን ደካማ ጎን አገኙት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. (በፈረንጆች ዲሴምበር 15፣ 1935) ሽሬ አጠገብ፣ ደምበጊና በሚባል መተላለፊያ፣ በጎንና በኋላ ተጠግተው ታንኮቹን አሸነፉ።

«ከዚያ ጦርነቱን አሸነፍን?»

«በዚያን ጊዜ አላሸነፍንም» አልኩት። ጣሊያኖች አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ነበራቸው። ራስ እምሩም በኋላ ተማርከው ከሮም በስተደቡብ ባለችው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ኢትዮጵያ ነፃ የወጣችው በ1933 ዓ.ም. ነው።

ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ «ልመልስለት?» አለኝ።

«ስጦታ አይመለስም። ጓደኛህ ይህን ታሪክ አያውቅም፤ አንተ ንገረው» አልኩት።

እሑድ ጓደኛው ቤታችን መጣ። ታሪኩን በጣሊያንኛ ነገረው፤ ከዚያ አብረው ገጣጠሙት። የሃንጋሪውን ምልክት ለጠፉበት። የእህቴ ልጅ ደግሞ ከሥሩ በወረቀት ላይ በአማርኛ «ደምበጊና፣ 1928» ብሎ ጻፈ። «ጊ»ን ሁለት ጊዜ ሰርዞ አስተካከላት።

እናንተስ ቤት ከጀርባው ታሪክ ያለው ምን ዕቃ አለ? እናትና አባታችሁን ጠይቁ።

የሳምንቱ ቃላት
ወረረ፦ የሰው አገር በኃይል ገባ።
መተላለፊያ፦ በተራሮች መካከል ያለ መንገድ።
ተማረከ፦ በጦርነት በጠላት እጅ ተያዘ።