ጥበቃው አብሮ ይሂድ

በሞጆ ደረቅ ወደብ ሰነዱ ያልተሟላ ኮንቴይነር ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ከወደቡ ወጣ ብሎ በመጋዘንና በከባድ መኪና ማቆሚያ በሮች ላይ የሚጮኸው ውሻ ግን መቼ እንደተወለደ፣ መቼ እንደተከተበ የተጻፈለት ነገር የለም። ስለ እሱ ሁሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ ጥበቃው።

ውሻው የታመመ ዕለት ግን ይህ ሰው ይረሳል። ባለቤቱ ከአዳማ ወይም ከአዲስ አበባ መኪና አስነስተው ይመጣሉ፤ ውሻው በግድ ተጎትቶ ይጫናል፤ ጥበቃው በሩን ከፍቶ ይሸኝና ይቀራል። ሐኪሙ «ምን በላ? ምግብ የተወው መቼ ነው? ተቅማጡ ደም አለው?» ብሎ ሲጠይቅ ጋሼ ስልክ ያወጣሉ። የጥበቃው ስልክ ዝግ ነው። ምርመራው በግምት ይቀጥላል።

ስለዚህ ወደ ሐኪም ለመሄድ ትልቁ ዝግጅት በር ላይ ለግማሽ ቀን ሌላ ሰው አቁሞ ጥበቃውን ይዞ መሄድ ይመስለኛል። ከሞጆ ቢሾፍቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው እዚያ ነው። መንገዱ ሩቅ አይደለም። አስቸጋሪው ውሻው ነው። ቁጡ እንዲሆን ብለን ቀን አስረን፣ ማታ ፈትተን፣ ሰው ሳይነካው እናሳድገውና አንድ ቀን ለማያውቀው ሐኪም «ይያዝልን» እንላለን። ጤነኛ ሳለ፣ እየበላ፣ ጆሮውንና እግሩን መነካካት፣ ከንፈሩን ገለጥ ማድረግ፣ የአፍ ማሰሪያውንም ማለማመድ ያስፈልጋል። ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ያው የሚያበላው ሰው ነው።

ማሰሪያው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ስለሆነ በሞጆ የቀትር ፀሐይ አፉን ጥርቅም አድርጎ ማሰር አደጋ ነው፤ የሚያስታውክ ውሻማ ጭራሹኑ አይታሰርም። ጠዋት በብርዱ መውጣት ይሻላል። ተቅማጥ ካለበት ትንሽ ናሙና በፌስታል ቋጥሮ መያዝ ለሐኪሙ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጥበታል። የሰው ኪኒን ግን በፍጹም አይሰጠው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተለወጠ ውሻ ሲታይ ብዙ ሰው «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። የእብድ ውሻ በሽታም መልኩ ይኸው ነው። ምልክቱ አንዴ በራሱ ላይ ከታየ ውሻውም ሆነ የተነከሰው ሰው የመዳን ተስፋ የለውም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለውን ውሻ ባጃጅ ላይ ከመጫን ይልቅ ሳይነኩ በር ዘግቶ ለሐኪም መደወል ነው። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ምልክት እስኪመጣ ሳይጠብቅ፣ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው ጥበቃው ነው። ውሻውን በየዓመቱ ማስከተብ የባለቤቱ ግዴታ እንደሆነ ሁሉ፣ ለተነከሰ ሰው የሚሰጠው ክትባት በቅርብ የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ማጣራትም የእሳቸው ፋንታ ነው። ወጪውም ከጥበቃው ደመወዝ የሚታሰብ አይደለም።