ገበጣ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ

ድርሰት ሲጽፍ ዐሳቡ የሚጎርፍለት፣ ተነሥቶ እንዲናገር ሲጠየቅ ግን አንደበቱ የሚተሳሰር ተማሪ በየክፍሉ አለ። ይህን ችግር ለማቃለል የገበታ ጨዋታዎችን ወደ ቋንቋ ትምህርት የሚያስገቡ መምህራን አሉ። ተግባራቸውን እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ ጨዋታ በራሱ ሰውን ያናግራል የሚለውን እምነት አልቀበልም።

ገበጣን እንመልከት። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ለሚለቅም ሰው ምንም ወጪ የለውም። ነገር ግን ሁለት ብልህ ተጫዋቾች አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሲቆጥሩ፣ ሲያነሡና ሲበሉ ረፋዱን ሊያሳልፉት ይችላሉ። እጅ ሠራ እንጂ አንደበት አልሠራም። ስለዚህ መለወጥ ያለበት ደንቡ ነው። በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ተማሪዎች ይቀመጡ፤ ጓደኛውን በቃል ሳያሳምን ጠጠር ማንሣት ለማንም አይፈቀድ። ያን ጊዜ «ከዳርኛው ጉድጓድ ብናነሣ የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ስለምትገባ ተራችንን እናጣለን» ማለት ግድ ይሆናል። ባላጋራ ቢሰማስ? ይስማ፤ ማዳመጥም የትምህርቱ ክፍል ነው። የተሸነፈው ወገን ደግሞ «ከመካከለኛው አንሥተን ቢሆን ኖሮ ባልተበላን ነበር» እያለ ይከራከራል። በሰዋስው ክፍለ ጊዜ በመከራ የሚጠናው «ቢሆን ኖሮ» እዚህ ያለ ጎትጓች ይመጣል። የሁሉም ዐይን በጠጠሮቹ ላይ ስለሚያርፍ ዐይን አፋሩም ይደፍራል፤ በሰሌዳ ፊት ብቻውን ሲቆም ይህን ዕድል አያገኝም።

እየተነጋገሩ መጫወት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልክቶ፣ ጨዋታው ጫጫታ የበዛበት እንደ ነበረና በዙሪያው ያለ ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ ዐሳብ ይሰጥ እንደ ነበረ ጽፏል። (ራስ ምንጊዜም እንዲያሸንፉ ይደረግ እንደ ነበረም መታዘቡ አልቀረም።)

ጫጫታውን የሚፈሩ መምህራን ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ 60 ተማሪ በአንድ ጊዜ ሲከራከር የጎረቤት ክፍል ይታወካል። ከዛፍ ጥላ ሥር ቢካሄድ ይሻላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጨዋታ አጫጭር ክርክርን እንጂ ረዘም ያለ ንግግርን የማያለማምድ መሆኑ ነው። ስለሆነም ጨዋታው ሲያበቃ ከተመልካቾች አንዱ ተነሥቶ ድሉ በየትኛው ተራ ላይ እንደ ተወሰነና ለምን እንደ ተወሰነ ለ3 ደቂቃ ያስረዳ፤ ተጫዋቾቹም ስሕተት ካገኙበት ያርሙት። ተናጋሪው በዕጣ ይመረጥ፤ አለዚያ ዘወትር የሚናገሩት እነዚያው ደፋሮቹ ይሆናሉ።