«ወራጅ አለ» ለማለት ያላፈርን፣ «ስልኩን ዝጋ» ለማለት ለምን እንፈራለን?

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ ቢያስቀር ዝም የሚል ሰው የለም። ትርፍ ሲጭን እናጉረመርማለን፤ መንገድ ሲያቆራርጥ እንጨቃጨቃለን። ሹፌሩ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ቀርቅሮ ቁልቁለቱን ሲወርድ ግን ሁላችንም ጸጥ! ቢበዛ አንዲት እናት «ኧረ ልጄ!» ይላሉ። እሱም «አይዞሽ ማዘር፣ ለምጄዋለሁ» ብሎ ወሬውን ይቀጥላል።

«ለምጄዋለሁ» የሚለውን እስቲ እናስላው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ማን እንደደወለ ለማየት 3 ሰከንድ ዓይኑን ከመንገዱ ያነሳ ሹፌር ከ30 ሜትር በላይ በጭፍን ነድቷል ማለት ነው። በዚያ 30 ሜትር ውስጥ ዜብራ አለ፤ ከቆመ ታክሲ ጀርባ ብቅ የምትል ተማሪ አለች። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የዚያን የስልክ ወሬ ዋጋ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

«እኔ የማወራው በጆሮ ማዳመጫ ነው» የሚሉም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እያሽከረከረ ስልክ የሚጠቀም ሰው ለአደጋ የመጋለጥ ዕድሉ በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር፣ ማዳመጫውም ያን ያህል የተሻለ እንዳልሆነ ይናገራል። እጅ ነፃ ቢሆንም ልብ ሌላ ቦታ ነዋ! አጠገብ የተቀመጠ ሰው መንገዱ ሲጨናነቅ አይቶ ወሬውን ያቆማል። ከሩቅ የደወለው ግን ምንም አያይም፤ «አትሰማኝም እንዴ?» እያለ ይጨቀጭቃል።

ስልክ በእጅ ይዞ እያወሩ መንዳትን ሕጉ ይከለክላል። ነገር ግን ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ስልኩ ጭን ላይ ይወርዳል፣ ፖሊሱ ሲታለፍ ተመልሶ ይነሳል። ጭን ላይ ያለ ስልክ ደግሞ ይብሳል፤ ዓይንን ወደ ታች ይጎትታል። ቅጣት ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

ሹፌሩን ብቻ መውቀስም ፍትሐዊ አይመስለኝም። በመተግበሪያ ለሚሠራ ሹፌር ስልኩ የእንጀራው ገመድ ነው፤ ጥሪውም ካርታውም ሒሳቡም እዚያው ነው። ታዲያ መኪናው እየመጣ መሆኑን ካርታው ላይ እያየን፣ «የት ደረስክ?» ብለን ሦስቴ የምንደውለው እኛ አይደለንም? ሠራተኛው መንገድ ላይ እንዳለ እያወቀ «ለምን አታነሳም?» የሚል አለቃስ?

ስለዚህ ከባድ ያልሆኑ ሦስት ነገሮች እንልመድ። ስንደውል የመጀመሪያው ጥያቄያችን «እየነዳህ ነው?» ይሁን፤ «አዎ» ካለ ወዲያው እንዝጋው። የመተግበሪያ ድርጅቶች መኪናው እየሄደ አዲስ ጥሪ እንዳይመጣ ያድርጉ። ተሳፋሪ ስንሆን ደግሞ በትሕትና፣ ግን ጮክ ብለን «ወንድም፣ ዳር ይዘህ አውራ፤ እንጠብቅሃለን» እንበል። አንድ ሰው ሲጀምር ሌላው ይከተላል። ለአንድ ብር የተከራከረ አንደበት ለሰው ሕይወት ዝም ማለት የለበትም።