ጋቢው ይሂድ ወይስ ይቅር?

በይርጋጨፌ ወረዳ፣ አሪቻ ላይ፣ የቡና ለቀማው አልቆ እሸቱም ለማጠቢያ ጣቢያ ከተሸጠ በኋላ ያሉት ወራት ሰው እፎይ የሚልባቸው ናቸው። ሰርግ ይደገሳል፣ ዘመድ ይጠየቃል። እጁ ላይ ትንሽ የተረፈው ደግሞ ቤተሰቡን ወይም ጓደኞቹን ይዞ አርባ ምንጭ ይወርድና ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ወጥቶ አዞና ጉማሬ አይቶ ይመለሳል። ባሕር የራቀን ሰዎች ስለሆንን የውኃ ላይ ሽርሽራችን ይኸው ነው። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ግን እያንዳንዱ ቤት ውስጥ አንድ ክርክር ይነሣል፦ ምን ልብስ ይያዝ?

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ሁለቱም ወገን ከልምዱ እንደሚናገር ስለማውቅ ለመፍረድ አልቸኩልም።

አንደኛው ወገን፣ አብዛኛውን ጊዜ ወጣቱ፣ «ቆላ ነው የምንወርደው፤ ቲሸርትና ስስ ሱሪ ይበቃል» ይላል። ሒሳቡም ይደግፈዋል። አሪቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጫሞ ደግሞ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ሺህ ሜትር በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ አሪቻ ላይ ሹራብ የሚያስለብስ ቀን እዚያ ሸሚዝ ሊያስወልቅ ይችላል። በየካቲት የአርባ ምንጭ ቀትር ብዙ ጊዜ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ላይ መንገዱ ራሱ አለ። ብዙ መንገደኛ የሚይዘው መስመር ከዲላ ወደ ሐዋሳ፣ ከዚያ በሻሸመኔና በሶዶ አድርጎ ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል። አባያ ሐይቅ ከጌዴኦ በስተምዕራብ ከቁልቁለቱ ግርጌ ተኝቶ ሳለ እኛ በሰሜን በኩል ዞረነው ነው የምንደርሰው። መኪና እየቀያየረ ለሚሄድ ሰው የሻንጣ ክብደት ተራ ጉዳይ አይደለም። ትርፍ ያለ አንድ ልብስ ጉልበት ላይ ታቅፎ የሚኬድ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው ወገን «መሸፈን ይሻላል» ይላል። ይህን አባባል «ያረጀ አስተሳሰብ ነው» ብሎ ማለፍ የሚቀናው ሰው አለ፤ እኔ ግን አይመስለኝም። የጌዴኦ ገበሬ የሚኖረው ጥላ ውስጥ ነው። ረጃጅም ዛፍ ከላይ፣ እንሰቱና ቡናው ከሥር ሆነው አብረው የሚያድጉበት ይህ አኗኗር ነው በ2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው። ዘመኑን በዚያ ጥላ ሥር ያሳለፈ ሰው ጫሞ መካከል ሲወጣ ጥላ የሚባል ነገር አያገኝም። ፀሐይዋ ከላይ ትወርዳለች፣ ከውኃውም እየተንጸባረቀች ከሥር ትመጣለች። ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚያደርግ ቆዳ መቃጠሉ የሚታወቀው ማታ ነው። ክንዱን በስስ ጥጥ የሸፈነ ሰው፣ ምንም ቢያልበው፣ ማታ ትከሻውን ይዞ አያቃስትም።

የወባም ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ግን ሁለቱም ወገኖች ትንሽ የሚያጋንኑ ይመስለኛል። ቆላው የወባ አገር መሆኑ እውነት ነው፤ ደገኛው ከበሽታው ጋር ብዙም ስለማይተዋወቅ ሲይዘው ሊጠናበት ይችላል። ይሁን እንጂ ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በአብዛኛው የምትነክሰው ከመሸ በኋላ ነው፤ የጀልባው ሽርሽር ደግሞ የቀን ነው። ስለዚህ እጅጌ ረጅም ሸሚዝና ካልሲ በወባ ምክንያት ይያዙ ከተባለ፣ የሚያስፈልጉት ለማታው እራትና ለደጅ ጨዋታው እንጂ ለጀልባው አይደለም። ለሌሊቱም ቢሆን ልብስ የአጎበርን ቦታ አይተካም።

የልብሱ ቀለምስ? ይህ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያነሣው ነገር ነው፤ ግን መሠረት አለው። ገንዲ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ወደ ሰማያዊና ወደ ጥቁር ይሳባል፤ ከሐይቁ አጠገብ ባለው ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ በእግር ለመግባት ላሰበ ሰው ነጣ ወይም ቡላ ያለ ልብስ ይሻለዋል። ከጀልባው ለማይወርድ ሰው ግን ብዙም ለውጥ የለውም።

አሁን ወደ ጋቢው። ክርክሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። እናቶች «ያለ ጋቢማ መንገድ አይወጣም» ሲሉ ልጆች ይስቃሉ። ለቆላ ጋቢ መያዝ የሚያስቅ ይመስላል እንጂ፣ ለእናቶቹ የሚቆም ብዙ ምክንያት አለ። ጉዞው የሚጀመረው ገና ሳይነጋ፣ በአሪቻ ብርድ ነው። አርባ ምንጭ ደርሶ ዶርዜን ሳያይ የሚመለስም ጥቂት ነው፤ ዶርዜ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ከአሪቻም የሚበርድ ደጋ ነው። ጠዋት ሐይቁ ላይ አልቦት ከሰዓት በኋላ ጉም ውስጥ የሚንቀጠቀጥ መንገደኛ ጋቢውን ቤት ትቶ በመምጣቱ ይቆጫል። ጋቢ ደግሞ ልብስ ብቻ አይደለም፤ መኪና ውስጥ ትራስ ነው፣ ለሕፃን ምንጣፍ ነው፣ ማደሪያው ብርድ ልብስ ቢያጥረው ብርድ ልብስ ነው።

በአንጻሩ ጀልባው ላይ ጋቢ፣ በጥንቃቄ ለመናገር፣ ቦታው አይደለም። ጥጥ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ አራት እጥፍ ጋቢማ የበለጠ። ሰው ድንገት ውኃ ውስጥ ቢወድቅ እጅና እግሩን የሚጠልፈው እሱ ነው። ከሥር ተለብሶ ከላይ የሕይወት አድን ጃኬት ቢደረግበት ማሰሪያው በደንብ አይገጥምም፤ በጃኬቱ ላይ ቢደረብ ደግሞ ጃኬቱን ይሸፍነዋል። ነጠላም ቢሆን፣ ቀለል ቢልም፣ ጫፉ ሲንጠለጠል ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ «ጋቢው ይሂድ» እና «ጋቢው ይቅር» የሚሉት ሁለቱም ከፊል ልክ ናቸው ማለት ይቻላል፤ አንዱ የሚያወራው ስለ መንገዱ ነው፣ ሌላው ስለ ውኃው።

ከሙቀቱ በላይ የሚከብደው ግን የአለባበስ ጨዋነት ጉዳይ ነው። ቁምጣ ለጀልባ ይመቻል፤ ሲሳፈሩም ሲወርዱም ውኃ ሊነካ ስለሚችል ሱሪ ይረጥባል። ግን ጀልባ ላይ ሰው ተቀራርቦ፣ አንዳንዴም ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው፤ አማት ፊት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ፊት ጉልበትን አውጥቶ መቀመጥ የሚከብደው ሰው አለ፤ ይሉኝታው ከልቡ ነው። ሴቶች ሱሪ ቢለብሱ ለመሳፈር እንደሚቀልላቸው የሚናገሩ አሉ፤ ረጅም ቀሚስ የጀልባው ጠርዝ ላይ ሲያደናቅፍ ስላየሁ እኔም ይገባኛል። ሆኖም ዕድሜዋን በቀሚስ የኖረችን እናት ለአንድ ቀን ሽርሽር «ሱሪ ልበሺ» ማለት ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከቀሚሱ ሥር ሱሪ መደረብ አንዳንዶቹን ያስማማል፤ «ሁለቱንም ለብሼ ልቀቀል?» የሚሉም አሉ፤ እነሱም ልክ ናቸው።

የዋና ልብስ ላይ ብዙ መከራከር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ጫሞ የአዞ ሐይቅ ነው፤ አይዋኝበትም። ማረፊያው ገንዳ ካለው ይያዝ፣ ከሌለው ይቅር።

ወጪውም ሊዘነጋ አይገባም። ለጉዞው ብሎ አዲስ ልብስ መግዛት ደስታውን እንደሚጨምር የሚያምን ሰው አለ፤ ፎቶው ለዓመታት ግድግዳ ላይ ስለሚቀር አልፈርድበትም። የቡናው ገንዘብ ግን እስከሚቀጥለው ለቀማ ድረስ የሚያደርስ ነው። ዲላ ገበያ ከሳልቫጅ መካከል ስስ የጥጥ ሸሚዝ መርጦ ማግኘት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ታጥቦ የሳሳ ሸሚዝ ለሙቀት ከአዲሱ ሊሻል ይችላል።

እኔ ራሴ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ቢያስብ ሳልቀየም፣ ወደ መካከሉ አደላለሁ። ጀልባው ላይ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ የጥጥ ሸሚዝና ጠበቅ ያላለ ሱሪ ይለበስ፤ ሙቀት ከበዛ እጅጌ ይጠቀለላል፣ አጭር እጅጌ ግን አይረዝምም። እግር ላይ ከኋላ የሚታሰር ሰንደል ወይም ኮንጎ ጫማ ይሁን፤ ሸበጥ ጭቃ ላይ ይቀራል። ባርኔጣው አገጭ ሥር የሚታሰር ክር ካለው መልካም ነው። አንድ ቅያሬ በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ጋቢውም ይሂድ፣ ግን አንድ ለሁለት ሰው፤ ሐይቁ ዳር ሲደረስም መኪና ውስጥ ይቅር።

«አንድ ለሁለት» የሚለው እናቶችን እንደማያስደስት አውቃለሁ። ይህን ያልኩት ግን ለንፉግነት አይደለም። ዶርዜ የሸማኔ አገር ነው፤ እዚያ ደርሶ፣ ጨርቁን በጣቱ ዳብሶ፣ ዋጋ ተከራክሮ ጋቢ ሳይገዛ የሚመለስ ጥቂት ነው። ሲነሡ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ካልተተወለት አዲሱ ጋቢ እስከ ዲላ ድረስ ጉልበት ላይ ነው የሚመጣው።