መውጫ ቀን ያልተቆረጠለት ዘመቻ

እዚህ ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ፣ ኢትዮጵያዊውና ሶማሌው አንድ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። በቀደም አንድ የሞቃዲሾ ተወላጅ ጎረቤቴ፣ «ወታደሮቻችሁ ሲገቡም ሲወጡም እኛን የጠየቀን የለም» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

እንደሚታወሰው የኢትዮጵያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ለዘመቻው ፈቃድ ሲሰጥ የመውጫ ቀን አልቆረጠም። ለጥቂት ሳምንታት የተባለው ሁለት ዓመት ፈጀ። በወቅቱ መንግሥት የሟች ወታደሮቻችንን ቁጥር እንኳ ለሕዝብ አልገለጸም።

በጁን 2008 የጅቡቲው ስምምነት 120 ቀን ብሎ ቆረጠ። ነገር ግን ቀኑን የተባበሩት መንግሥታት በሚልከው ኃይል ላይ አሰረው። ያ ኃይል አልመጣም። ሠራዊታችን በጃንዋሪ 2009 ሲወጣ፣ የሶማሊያ ፓርላማ መቀመጫ የነበረችውን ባይደዋን አልሸባብ በዚያው ወር ያዛት። በ2011 መጨረሻ ጦራችን እንደገና ገባ።

የካናዳ ፓርላማ ግን በማርች 2008 ጦሩ የካንዳሃር ተልዕኮውን በጁላይ 2011 እንዲጨርስ በውሳኔው ላይ ጻፈ። ይህ አፍጋኒስታንን አላዳነም። ቢሆንም እዚህ ያለች የወታደር እናት የምትቆጥረው ቀን፣ መንግሥትን የምትጠይቅበት ወረቀት ነበራት። የእኛዋ እናት ምን ነበራት?

ቀን መቁረጥ ብቻውን ሰላም አያመጣም፤ ተረካቢም ያሻል። ቀን የሌለው ዘመቻ ግን ተጠያቂም የለውም። ፓርላማችን ወደፊት ጦር ሲልክ መቼ እንደሚወጣና ለማን እንደሚያስረክብ አብሮ ይጻፍ። ለጎረቤቴም የምሰጠው መልስ ይኖረኛል።

ቸር ይግጠመን።